ስለ ሰጋቱራ ብናኝና ስለ መሰብሰቢያው አሠራር

ከሆሳዕና ከተማ ወደ ሌሞ ገጠር በሚወስዱት መንገዶች ዳርና ዳር የሚገኙትን የእንጨት ሥራ ቤቶች ያላየ ተማሪ በመካከላችን አለ ብዬ አልገምትም። በደጃፉ የቆመው አልጋ፥ ገና ቀለም ያልተቀባው ቁም ሣጥን፥ ከአጠገቡም እንደ ጉብታ የተከመረው ሰጋቱራ ከሩቅ ያስታውቃል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ከእነዚሁ ቤቶች ወደ አንዳንዶቹ ከመጋዝና ከመላጊያ ሌላ በኮምፒውተር የሚመራ የመቅረጫ መኪና ገብቷል። ባለሞያዎቹ በአጭሩ «ሲ.ኤን.ሲ.» ይሉታል። በአልጋ ራስጌና በበር ላይ የሚቀረጸውን አበባና ሐረግ፥ እጅ ቀናት ይፈጅበት የነበረውን፥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ታናሽ ዓይነትም አለ፤ ለመማሪያና ለትርፍ ጊዜ ሥራ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

ይህ ጽሑፍ መኪናውን ለማመስገን የተጻፈ አይደለም፤ ስለሚያስነሣው ብናኝ ነው። ብናኙን የምንጠላው ወለሉን ስለሚያቆሽሽ ይመስለናል። በእውነቱ ግን ዐይናችን የሚያየው ብናኝ ከማይታየው ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ብናኙን መያዝ የሚገባው ወለል ላይ ከወደቀ በኋላ በመጥረጊያ ሳይሆን፥ ከፑንታው ጫፍ በተነሣበት ቅጽበት ነው። ለዚህ የሚሆነውን መሣሪያ ከአንድ ጓደኛዬ ጋራ በታናሽ መኪና ላይ ሠርተን ስለ ሞከርን፥ የተሳካልንንም የተበላሸብንንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ፥ «አባቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨት ሲጠርቡ ኖረዋል፤ ማን በሰጋቱራ ሞተ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መጥረቢያና መላጊያ የሚያወጡት ፍቅፋቂ ነው፤ የእጅ መጋዝም የሚያወጣው እንደ ሽርክት ሻካራ የሆነውን ሰጋቱራ ነው። በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ፑንታ ግን እንጨቱን ይፈጨዋል፤ የሚወጣውም ከሽርክቱ ጋራ የተቀላቀለ ዱቄት ነው። ኤም.ዲ.ኤፍ. የሚባለው ሰሌዳ ደግሞ ከመጀመሪያውም የደቀቀ የእንጨት ጭረት በኮላ ተጨምቆ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሲቆረጥ ሁለመናው ወደ ዱቄት ይመለሳል። ኮላው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የተባለው ኬሚካል አለበት። የዋንዛና የጥድ ዘመን ከዚህ ይለያል ማለት ነው።

አባቶቻችን አልተጎዱም ለማለትም ቢሆን የሚመረምር ሐኪም ያስፈልግ ነበር። ሃይ ዊኮም በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ሰዎች ወንበርና ጠረጴዛ ሲሠሩ ብዙ ዘመን ኖረዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ኤዝሜ ሃድፊልድ የተባሉ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም በዚያች ከተማ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በሌላ ቦታ እምብዛም የማይታይ የአፍንጫ ውስጥ ነቀርሳ በእንጨት ሠራተኞቹ ላይ ይደጋገም ነበር። ከእነ አቼሰን ጋራ ሆነው ያደረጉት ጥናት በ1968 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ1995 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ክፍል ባወጣው መጽሐፍ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ አገባው። ሳል፥ የአስም ሕመምና የዐይን መቆጣት ነቀርሳውን ሳይጠብቁ የሚመጡ ናቸው። ወንበር ሠሪዎቹ ግን ሐኪሟ እስክትመጣላቸው ድረስ «ማን በሰጋቱራ ሞተ?» ይሉ እንደ ነበረ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2023 ጀምሮ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደው የጠንካራ እንጨት ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ ከ2 ሚሊግራም አይበልጥም። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነች፥ ቁመቷ 3 ሜትር የሆነ አንዲት የሥራ ክፍል እንውሰድ። 60 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። በሕጉ መሠረት በመላው ክፍል ውስጥ ሊንሳፈፍ የሚፈቀደው ብናኝ 120 ሚሊግራም ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ የተፈቀደው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ሠላሳኛው እጅ ያህል ነው።

በሌላ በኩል በታናሿ መኪና 20 ሴንቲሜትር በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ኤም.ዲ.ኤፍ. ላይ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ብንቀርጽ፥ 90 ሴንቲሜትር ኩብ እንጨት እናነሣለን። ክብደቱ 67 ግራም ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ወደ ወለል ይወድቃል እንበል። ከአምስት መቶ እጅ አንዱ ብቻ አየር ላይ ቢቀር 134 ሚሊግራም ነው፤ ክፍሏ ከልኩ አለፈች። አንድ የስም ሰሌዳ ለመቅረጽ ያህል ማለት ነው።

የሚንሳፈፈው የትኛው ነው? የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ እጅ ነው። ከ10 ማይክሮን በታች የደቀቀው ብናኝ በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይያዝ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። በጣም የደቀቀው ደግሞ መኪናው ከቆመ ከሰዓታት በኋላ እንኳ አይወርድም። ጧት በመስኮት በሚገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲዋኝ የምናየው እርሱ ነው፤ ጨረሩ ባይኖር አናየውም ነበር። ማታ ማታ ወለሉን በደረቁ የሚጠርገው ልጅ ደግሞ የወደቀውን ሁሉ እንደገና ያስነሣዋል። በብዙ ሥራ ቤት ይህ ልጅ ከሁሉም ታናሹ፥ ሞያ ሊማር የመጣው ነው። ፎጣ በአፍንጫው ላይ ያስራል። ፎጣው የሚይዘው ሽርክቱን ነው እንጂ ዱቄቱን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፥ ቁጥር 1156፥ አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ዳሩ ግን ሞያ ለመልመድ የመጣን ልጅ እንደ ሠራተኛ የሚቆጥረው ስንቱ ነው?

የመሰብሰቢያው መሣሪያ ሦስት ክፍል አለው። ፑንታውን የሚከበው፥ ብናኙን የሚያስቀረው ባልዲ፥ አየሩን የሚስበው ሞተር። የመጀመሪያውን ፈረንጆች «ጫማ» ብለው ይጠሩታል። እኛ ግን ከፑንታው ዙሪያ እስከ እንጨቱ ድረስ ተንዠርግጎ ስላየነው «ቀሚስ» አልነው፤ ከዚህ በኋላም እንዲሁ እለዋለሁ።

ከሞተሩ እንጀምር፤ የቱቦውን ስፋት የሚወስነው እርሱ ነውና። ሰጋቱራ በቱቦ ውስጥ ሳይወድቅ እንዲሄድ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። ለቤት ምንጣፍ የሚሆን ደኅና መጥረጊያ መኪና ቱቦና ባልዲ ሲቀጠልበት በሰከንድ 25 ሊትር ያህል አየር ቢስብ ጥሩ ነው። የውስጥ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ የአፉ ስፋት 12.6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ 25 ሊትሩ በዚህ ሲያልፍ ፍጥነቱ 20 ሜትር ይመጣል። ልክ ሆነልን። እኛ ግን በመጀመሪያ «ሰፊ ቱቦ ብዙ ይስባል» ብለን 100 ሚሊሜትር የፍሳሽ ቧንቧ ገዛን። የቧንቧው አፍ 78.5 ካሬ ሴንቲሜትር ስለ ሆነ አየሩ በሰከንድ ወደ 3 ሜትር ዝቅ አለ፤ ሰጋቱራውም ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ሒሳቡን ከመግዛታችን በፊት ሠርተነው ቢሆን ገንዘባችን ባልባከነ። የፊዚክስ ትምህርት ተምረን ፈተናውን ያለፍን ሰዎች መሆናችንን ስጽፍ አፍራለሁ።

ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ እንደ መሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በ20 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በመጥረጊያው ሳጥን ላይ የተጻፈው የመሳብ ኃይል በሌላ አገር የተለካ ስለ ሆነ እዚህ ሙሉውን አናገኝም። መድኃኒቱ ቱቦውን ማሳጠርና መጠምዘዙን መቀነስ ነው። 2 ሜትር የሚበቃውን 5 ሜትር ማድረግ ለማንም አይጠቅምም።

ቀሚሱን ከ12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ሠራነው፤ የቆረጠችውም ራሷ መኪናዋ ናት። የፑንታው ሞተር ክብ አካል 65 ሚሊሜትር ስለ ነበረ ያንኑ የሚያህል ቀዳዳ አወጣን፤ ከቀዳዳው ወደ ጠርዙ አንድ ስንጥቅ ሰንጥቀን በቡሎንና በዳዶ የሚጠብቅ ማነቂያ አደረግነው። ከጎኑ፥ በተቻለ መጠን ቀርቦ፥ ለቱቦው 40 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለ። ሳንቃው ሁለት ቢሆን ይሻላል። የላይኛው ሞተሩን እንደ ያዘ ይቀራል፤ የታችኛው ቀሚሱን ተሸክሞ በማግኔት ይለጠፋል። አለዚያ ፑንታ በተለወጠ ቁጥር ቡሎን መፍታት ይመጣል፤ ሰው ደግሞ ሲሰለቸው ቀሚሱን አውልቆ ይጥለዋል። ማግኔቱን ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አወጣን፤ በሌላው ሳንቃ ላይ በትይዩው የብረት ሮንዴላ በብሎን አሰርን።

ስለ ሞተሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በራሱ ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ሞተር አየሩን ወደ ታች፥ በቀጥታ ወደ ሥራው ይተፋል። እኛ ከታች ስንስብ እርሱ ከላይ እየነፋ ብናኙን ከቀሚሱ ሥር ያስወጣው ነበር። የላይኛው ሳንቃ ከሞተሩ አካል ጋራ ያለ ክፍተት ሲገጥምና የሚተፋው አየር በሳንቃው ላይ ተንሸራቶ ወደ ጎን ሲሄድ ነገሩ ተሻሻለ።

ለቀሚሱ ጨርቅ ምን ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። ጓደኛዬ የሀድያ ልጅ ስለ ሆነ «ቃጫ እያለልን ለምን ቡርሽ እንገዛለን?» አለ። የእንሰት ቃጫ በገበያ ሞልቷል፤ ጠንካራም ነው። አበጥረን፥ በኮላ በሳንቃው ዙሪያ ተክለን፥ እንደ ቡርሽ ከርክመን ስንጨርስ እጅግ ያምር ነበር። ለሩብ ሰዓት ያህልም በደንብ ሠራ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ጭረት በአየሩ ተስቦ ወደ ውስጥ ገባና ፑንታው ላይ ተጠመጠመ፤ የተጠመጠመው ሌላውን ጎተተ፤ በቅጽበት ቀሚሱ ግማሽ በግማሽ ተነቅሎ ፑንታው የቃጫ ኳስ ሆነ። መኪናውን ያቆምነው በችኮላ ገመዱን ከሶኬት ነቅለን ነው። ቃጫው አልከፋም፤ የከፋው እኛ ለስላሳ ጭረት ከሚሽከረከር ነገር ጋራ ማጎራበታችን ነው።

በመጨረሻ የረዳን ያረጀ የባጃጅ ከመነዳሪ ነው። ጎማ ጠጋኞች ዘንድ በርካሽ ይገኛል። ከመነዳሪውን 5 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ቆርጠን፥ ከታች ወደ ላይ በየ5 ሚሊሜትሩ እንደ ዘርፍ ሰነጠቅነው፤ ሁለት ድርብ አድርገን የአንዱ ስንጥቅ በሌላው ሙሉ ላይ እንዲውል ቸነከርነው። ጎማው ይታጠፋል እንጂ አይጠመጠምም። ዘርፉ ግን ፑንታውን ከቶ እንዳይደርስበት ከመሐሉ ወደ ዙሪያው በቂ ርቀት መተው ያስፈልጋል።

የቀሚሱ ጫፍ እንጨቱን መንካት አለበት። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። የቀሚሳችን ዙሪያ 38 ሴንቲሜትር ነው። ከእንጨቱ 10 ሚሊሜትር ከፍ ካለ፥ አየሩ የሚገባበት ክፍተት 38 ካሬ ሴንቲሜትር ሆነ፤ ከቱቦው አፍ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን ፍጥነቱም ወደ ሢሶ ይወርዳል። 2 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ 7.6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ አየሩ እየተሽቀዳደመ ይገባል፤ ብናኙም ሊያመልጥ አይችልም። ስለዚሁ ቀሚሱን ከሚወርደውና ከሚወጣው ሞተር ጋራ ማሰር ለቀጭን ቅርጽ ይበቃል እንጂ ለወፍራም እንጨት አይሆንም፤ ፑንታው ሲወርድ ጎማው ይጨማደዳል፥ ሲወጣ ክፍተት ይከፈታል። ወፍራም የሚቆርጥ ሰው ቀሚሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ከሚሄደው የመኪናው ክፍል ላይ ይሰር፤ ያን ጊዜ ፑንታው ብቻውን ይወርዳል፤ ቀሚሱ በከፍታው ይቆያል። እንጨቱን ለመያዝ የምናስረውን መቆንጠጫ ግን ቀሚሱ እንዳይገጨው አስቀድሞ መገመት ይገባል።

ከቀሚሱ የወጣው ቱቦ በቀጥታ ወደ መጥረጊያው ቢገባ የመጥረጊያው ከረጢት ወዲያው ይደፈናል። ስለዚህ በመካከል ባልዲ ይገባል። የባልዲው ዘዴ አዲስ አይደለም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1880ዎቹ በአሜሪካ ለዱቄት ፋብሪካዎች ከተፈጠረው ብናኝ መለያ የመጣ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ባዶ የቀለም ባልዲ ይወሰዳል። መግቢያው ቧንቧ ከጎኑ፥ የባልዲውን ግድግዳ ታኮ ይገባል፤ መውጫው ከክዳኑ መሐል ወደ መጥረጊያው ይሄዳል። አየሩ በግድግዳው ዙሪያ እየተሽከረከረ ሲሄድ፥ በወንጭፍ ውስጥ ያለ ድንጋይ ወደ ውጭ እንደሚጎትት ሁሉ ከባዱ ሰጋቱራ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ይንሸራተትና ይወርዳል፤ አየሩ በመሐል ይወጣል። መግቢያውን ወደ መሐል ያነጣጠረ ሰው ግን ባልዲ እንጂ መለያ አልሠራም።

የእኛ ባልዲ በሁለተኛው ቀን እንደ ጣሳ ተጨመቀ። ቱቦው በስንጥር ተደፍኖ ስለ ነበረ መጥረጊያው የባልዲውን አየር መጠጠው። 30 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክዳን ላይ የውጭው አየር የሚጫነው ያን ጊዜ ከአንድ ኩንታል በላይ ይሆናል፤ ቀጭን ፕላስቲክ ይህን አይችልም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ባልዲ አንዱን በሌላው ውስጥ ደርበን፥ ከክዳኑ ሥር የኮምፔንሳቶ ክብ አድርገናል።

ባልዲው ከባዱን ያስቀራል፤ ከ10 ማይክሮን በታች ያለውን ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። አንባቢ ከላይ ያልኩትን ካስታወሰ፥ የሚጎዳው ይኸው ነው። የተራ መጥረጊያ ከረጢትም ከኋላው መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይተፋዋል። ክፍሉ የጸዳ ይመስላል፤ ሰጋቱራም አይታይም፤ ነገር ግን ሳንባችን የሚስበው አልቀነሰም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል፤ እኛም ጥቂት ሳምንት ተታለናል። መጥረጊያውን ከክፍሉ አውጥተን በግድግዳው ቀዳዳ አሳልፈን ቱቦውን ስናስገባ ነው ነገሩ የተፈጸመው። ትንፋሹ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት መስኮት እንዳይሆን ከነፋሱ አቅጣጫ ጋራ መስተካከል አለበት። ውጭ ለማውጣት የማይመቸው ሰው እጅግ የደቀቀውን የሚይዝ ማጣሪያ ያለበትን መጥረጊያ ይፈልግ፤ በአፉና በአፍንጫውም ላይ ኤን 95 የሚባለውን ዓይነት መሸፈኛ ያድርግ።

በጥር ወር፥ አየሩ በደረቀበት ጊዜ፥ መኪናችን በቅርጹ መካከል ቀጥ ማለት ጀመረች። መብራት ኃይል ላይ ብዙ አማረርን፤ መብራቱ ግን አልጠፋም ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ቱቦውን ሲነካ ጣቱን ቆነጠጠው። ደረቅ ብናኝ በፕላስቲክ ውስጥ እየተሻሸ ሲሮጥ ቱቦው በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ብልጭታው ወደ መኪናው ሲዘል ኮምፒውተሩ ትእዛዙን ያጣል። በቱቦው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተገፈፈ የመዳብ ሽቦ ዘርግተን ከመኪናው ብረትና ከመሬት ሽቦ ጋራ አገናኘነው፤ ከዚያ ወዲህ አልቆመችም። ፑንታ ሲደነዝዝም እንጨቱን ስለሚያቃጥል ፍም ወደ ባልዲው ሊገባ ይችላል። የተቃጠለ ሽታ የሸተተው ሰው ሁሉንም አቁሞ ባልዲውን ወደ ውጭ ያውጣ፤ ማታም ባልዲውን ሙሉ እንደ ሆነ ዘግቶ አይሂድ።

ባልዲውን መገልበጥ ራሱ ሥራ ነው። በደጅ፥ ነፋሱን በስተኋላ አድርጎ፥ ጥቂት ውሃ አርከፍክፎ በቀስታ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ የሰበሰብነውን በአንድ ጊዜ እንውጠዋለን። አንድ ቀን ስንገለብጥ ከጎረቤት አንዲት እናት መጥተው፥ «ልጆቼ፥ ይህን ሰጋቱራ ለምጣዴ ማገዶ አትሰጡኝም?» አሉን። ሰጋቱራው የባሕር ዛፍና የኤም.ዲ.ኤፍ. ድብልቅ ነበረ። «እማማ፥ ይህ ኮላ አለበት፤ ጢሱ ለእርስዎም ለልጆቹም ደግ አይደለም» ብለን ብንመልስ፥ ቅር ተሰኝተው ሄዱ። አሁን ሁለት ባልዲ አለን። ባለ ነጭ ክዳኑ ውስጥ ንጹሕ እንጨት ብቻ ይገባል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእርሳቸው ይሄዳል። ባለ ቀይ ክዳኑን ለማንም አንሰጥም።